አፍ ያለው አበባ

ሠላሳ ሁለት ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር ባሕር አይቼ አላውቅም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው ደርሶ እንዳይነግረኝ ነው። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ግን ከባሕር ውስጥ ያልሣልሁት ፍጥረት የለም። የናዝሬት ልጅ ግማሹ ከእኔ ጠመኔ ሥር ያለፈ ነው፤ አዳማ በይ ቢሉኝም ምላሴ አልታዘዝ ብሎኛል። ባንክ ስገባ ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ይነሣል። ባጃጅ ስሳፈር ሾፌሩ «ቲቸር አሰለፈች!» ብሎ ሙዚቃውን ይቀንሳል። ይቀንስ እንጂ! ልብና ኩላሊት ሳይለይ ነው መንጃ ፈቃድ ያወጣው።

ወንድሜ ልዑልሰገድ በዐሥራ ሰባት ዓመት ያንሰኛል። እናታችን ስታርፍ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ስምንተኛ ክፍል ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ በፈተና የጣልሁትም እኔው ነኝ። ዛሬ ጂቡቲ የሚመላለሱ ሦስት ተሳቢ መኪናዎች አሉት። ፎቅ ቤት ሠርቶ፣ እኔም ጡረታ ስወጣ ከግቢው ኋላ ሁለት ክፍል ሰጥቶኛል። ደግ ነው። ደግነት ግን ዕውቀት አይደለም። ላንጋኖ አንድ ሆቴል ውስጥ የዓሣ ገንዳ አየና ሳሎኑ መሐል አልጋ የሚያህል የመስታወት ገንዳ አስተከለ። ሚስቱ ሊዲ ደግሞ ከገንዳው ጋር ይስማማ ብላ ግድግዳውን ሰማያዊ አስቀባች። ስለ ዓሣው የጠየቀ ሰው አልነበረም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለእንዲህ ያለው ቤት ነው፤ መጀመሪያ የገቡት ዓሦች ሳምንት አልቆዩም።

በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ሾፌሩ ኡበይደላ ከጂቡቲ ሲመለስ አንድ ክዳን ያለው የቀለም ባልዲና ሦስት በርሜል የባሕር ውሃ ይዞ መጣ። ባልዲው ውስጥ ሁለት ብርቱካን መልክ ያላቸው ትናንሽ ዓሦችና ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ነበሩ። ድንጋዩ ላይ አንድ ነገር ተጣብቋል። ዓሣ አጥማጅ ወዳጁ «ለአለቃህ ስጦታ» ብሎ የሰጠው ነው። በባሕሩ ውሃ በተሞላው ገንዳ ውስጥ ከገባ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያ ነገር ሲከፈት ልዑልሰገድ በአንድ እግሩ ጫማ ወደ እኔ ክፍል ሮጦ መጣ። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው።

«እትዬ፣ ይምጡ! አፍ ያለው አበባ አገኘሁ!»

የሰማሁትን እንዳልሰማሁ ሆኜ ነጠላዬን አነሣሁ። ነገሩ የገባኝ ወዲያው ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለ በፈተና ላይ «ሃይድራ ምንድን ነው?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ሃይድራ በንጹሕ ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ ባፉ ዙሪያ የሚይዝበት ክር ያለው ትንሽ እንስሳ ነው። ልዑልሰገድ ግን «አፍ ያለው አበባ ነው» ብሎ ጻፈና ሥዕል ጨመረበት። ወረቀቱን ለስድሳ ልጅ ጮክ ብዬ አነበብሁት። ወንድሜ ስለሆነ አዳልታ አሳለፈችው እንዳይሉኝ ዜሮ ሰጠሁት፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ስሙ «አፍ ያለው አበባ» ሆነ። በዘጠነኛ ክፍል ትምህርቱን ትቶ የከባድ መኪና ረዳት ሆነ። ለምን ተወ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ሰነፍ ስለነበረ ነው» እላለሁ።

ሳሎን ስደርስ ሸንጎው ተሰይሟል። ባቱ አበባ እርሻ የሚሠራው ጎረቤታችን ዲበኩሉ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በገንዳው ፊት ይንጎራደዳል።

«የውሃ ተክል ነው» አለ። «ሥሩ ድንጋዩን ይዟል። ትንሽ ማዳበሪያ ቢያገኝ ቅጠሉ ይበዛል።»

«አበባ መሆኑ ግልጽ ነው እኮ» አለች ሊዲ። «እዩት ሲያምር!»

እኔም አየሁት። ከታች ወፍራም ግንድ፣ ከላይ ጫፋቸው ሐምራዊ የሆነ ጣት የሚያክሉ ለስላሳ ክሮች፤ ነፋስ በሌለበት ይወዛወዛሉ። ሠላሳ ሁለት ዓመት በነጭ ጠመኔ የሣልሁት ነገር ለካ ቀለም ነበረው። መደነቄን ግን በእነዚያ ሰዎች ፊት ማሳየት አልፈለግሁም። ጣቴን ሰድጄ አንዱን ክር ብነካው ተጣበቀብኝ። ከኡበይደላ ስንቅ የቱና ቁራጭ አስመጥቼ ዘይቱን አጥቤ ጣልሁበት። ክሮቹ ቁራጩን ከበው፣ አጣጥፈው፣ ወደ መሐል ጎተቱት። መሐሉ ተከፈተና ዋጠው። ሊዲ ጮኸች፤ ዲበኩሉ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ።

«እንስሳ ነው» አልሁ። «ሥር የለውም፣ እግር ነው። ቅጠል የለውም፣ መያዣ ነው። የሚበላበትም የሚያወጣበትም አንድ ቀዳዳ ነው። የሃይድራ ዘመድ፣ የባሕር። የማያውቁትን አላውቅም ማለት ነውር አይደለም፣ አቶ ዲበኩሉ።»

ወንድሜ ግን ገንዳውን አያይም፤ የሚያየው እኔን ነው። ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። የሚጠብቀውን አውቃለሁ። «ያኔ የጻፍኸው እንዲያው ከእውነቱ የራቀ አልነበረም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። አፌ ላይ ነበረች።

«አበባ ያለ ሰው ካለ ተሳስቷል» ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ሳምንታት የአላዋቂ ሳሚ ታሪክ ናቸው፤ ንፍጡን ያጸዳሁት እኔ ነኝ። ዲበኩሉ በስውር ማዳበሪያ በተነ፤ የገንዳው መስታወት በሦስት ቀን አረንጓዴ ለበሰ። ሊዲ፣ የእናቷን ጉልበት አድኗል ብላ፣ ከሶደሬ ሁለት ጀሪካን ፍል ውሃ አስመጥታ ግማሹን ከጨመረች በኋላ ደረስሁባት። ከሁሉ የባሰው ግን ጨው ነበር። በናዝሬት ሙቀት ገንዳው በቀን አንድ ጣት ይጎድላል። ልዑልሰገድ የባሕር ውሃ ጨዋማ መሆኑን ከኡበይደላ ስለሰማ፣ ውሃው በጎደለ ቁጥር የወጥ ቤት ጨው በጭልፋ እየበጠበጠ ይጨምራል። እንስሳው ክሮቹን ሰብስቦ እንደ ቲማቲም ጠቅልሎ ተቀመጠ።

«ወጥ ሲንተከተክ የሚሄደው ውሃው ነው ወይስ ጨው?» አልሁት።

«ውሃው፣ እትዬ።»

«ታዲያ እዚህስ የሄደው ምንድን ነው?»

ራሱን አከከ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገንዳውን ተረከብሁ። የሊዲን የጥፍር ቀለም ወስጄ መስታወቱ ላይ ቀይ መስመር አሰመርሁ። ውሃው ከመስመሩ ሲወርድ ሁለት ቀን በባልዲ የሰነበተ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይጨመራል። በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ባልዲ አሮጌ ውሃ ወጥቶ ኡበይደላ ያመጣው የባሕር ውሃ ይተካል። መጋረጃው ጠዋት ይከፈታል። በአምስት ቀን አንዴ የጥፍር ያህል ዓሣ ይሰጠዋል።

ዓሣው ላይ ሊዲ ተነሣችብኝ። በጾም ቤቷ ውስጥ ዓሣ አይቆረጥም፣ ሽምብራ ይበቃዋል አለች። ሽምብራውን ሰጥታው ኖሯል፤ እሱ ደግሞ መልሶ ተፍቶታል። እኔም ጿሚ ነኝ፤ ግን እግዚአብሔር ገንዳ ውስጥ ለሚኖር ባለ አንድ ቀዳዳ ሕዝብ ጾም አላወጀም። ስለዚህ ሥራው ለሌንሳ ሆነ። ሌንሳ የቤቱ ሠራተኛ ናት፤ የባቱ ዓሣ አጥማጅ ልጅ። ጴንጤ ስለሆነች ጾሙ አይመለከታትም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ስለሆነች ብዙ አልጠበቅሁባትም። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በእኔ ክፍል ትቆርጣለች፤ ትሰጠዋለች፤ ውሃውን ትቀይራለች፤ እኔ ቆሜ አዝዛለሁ። አንዳንዴ ብቻዋን ገንዳው ፊት ቆማ በኦሮምኛ ስታናግረው አገኛታለሁ።

እንስሳው ዳነ። ሳሕን እስኪያክል ተዘረጋ፤ ሁለቱ ዓሦች ክሮቹ ውስጥ ገብተው ያድሩ ጀመር። የመጣ እንግዳ ሁሉ ገንዳው ፊት ይቆምና ልዑልሰገድ «እትዬ ናት ያዳነችው» ይላል፤ እኔ ባለሁበት ደግሞ «እትዬ ናቸው።» ከእንግዳው ኋላ ሆኖ ግን ያቺን ፈገግታ ይዞ ያየኛል። አንድ ቃል ብቻ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ነገ እላለሁ። ነገው ሳይመጣ ፋሲካ መጣ።

በፋሲካ ማለዳ እኔ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተኝቼ ሳለሁ ሊዲ ጾም ገድፋ፣ ዶሮዋን ቀምሳ፣ ለእንስሳው አዘነች። «እሱስ ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ በጥፍር ቁራጭ! እሱም ይገድፍ እንጂ» ብላ የእንቁላል ያህል ጥሬ የበግ ሥጋ ሰጠችው። እንግዶቹ አጨበጨቡ። በበዓል ቀን ከቤቱ ማንም ሳይበላ አይውልም፤ እንስሳውም የቤቱ ሰው ሆኖ ተቆጥሮ ነበር። ያንን ያህል ሥጋ እሱም አልጠላ፤ ዋጠው።

ሰኞ ከሰዓት ለእንኳን አደረሳችሁ የመጡት ዲበኩሉና ሌሎች ሦስት ሰዎች ሳሎን ተቀምጠው ሳለ ተጠራሁ። ሌንሳ የሳምንቱን ባልዲ ውሃ ቀይራ አሮጌውን ከኋላ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ደፍታ እጇን እየጠረገች ቆማለች። እንስሳው ከድንጋዩ ለቆ ገንዳው ወለል ላይ ወድቋል። ክሮቹ የሉም። ከአፉ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ተንጠልጥሏል፤ አካሉ የተጨመቀ ጨርቅ ሆኗል።

«እትዬ፣ ሞቷል?» አለ ልዑልሰገድ። ፊቱ የሰባት ዓመት ልጅ ሆነብኝ።

አላውቅም ነበር። መጽሐፌ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥዕል የለም። ለዲበኩሉ አላውቅም ማለት ነውር አይደለም ያልሁት እኔ፣ ያቺን ቃል ክፍል ውስጥ አንዴም ብያት አላውቅም፤ እንግዶቹም የእኔን አፍ እያዩ ነበር።

«ሞቷል» አልሁ። «ሳይበሰብስ ቶሎ ይውጣ፤ ዓሦቹንም ይመርዛል።»

«ሂንዱኔ» አለች ሌንሳ በለሆሳስ። አልሞተም ማለቷ ነው፤ ኦሮምኛ አልሰማም የሚል የናዝሬት ሰው ውሸታም ነው። ቀጥላ በአማርኛ «ቲቸር፣ አይሸትም እኮ። ከውሃ የወጣ ነገር ሲሞት ይሸታል። እኛ ሐይቁ ዳር...» አለች።

«ሌንሳ፣ ባዮሎጂ የተማርሽው የት ነው?»

ዲበኩሉ ሳቀ። ልዑልሰገድ በጭልፋ አውጥቶ ራሱ ይዞት ሄደ፤ ማጠቢያው ውስጥ ጣለው መሰለኝ፣ ሲመለስ እጁ ባዶ ነበር። ለእንግዶቹ «እትዬ ካሉ አለቀ» አላቸው። እኔም ቡናዬን ጠጣሁ።

ማክሰኞ ጠዋት በሬን ስከፍት ሌንሳ ማጠቢያው ላይ ጎንበስ ብላለች። ማጠቢያው ከክፍሌ በር ፊት ያለ የሲሚንቶ ገንዳ ነው፤ ቀዳዳው ከተደፈነ ሰንብቷል።

«አካም ቡልተኒ፣ ቲቸር» አለችኝ፤ ሰላምታዋን ከፍርሃት ጋር ነው የሰጠችኝ። «ይኼ ነገር አልለቅም አለኝ።»

ሄጄ አየሁ። ትናንት የተደፋው የገንዳው ውሃ አራት ጣት ያህል ተኝቷል። እንስሳው በውሃው ውስጥ ሲሚንቶውን በእግሩ ጨብጧል። ጣቴን ሰድጄ በቀስታ ገፋሁት፤ ይበልጥ ጠበቀ። በአፉ ዙሪያ ዐሥር ያህል ሐምራዊ ጫፎች ወጥተው ነበር። ከጎኑ የሊዲ የበግ ሥጋ እንዳለ ተተፍቶ ተኝቷል። ለካ ሥጋውን ለመትፋት ነው ራሱን የጨመቀው። የሞተ ነገር አይጨብጥም፤ ይህን ለማወቅ ስድስተኛ ክፍልም አያስፈልግም።

«ቶሎ እናስገባው፣ ቲቸር» አለች ሌንሳ። «ጠርዙን ቀስ ብዬ በጥፍሬ አስለቅቀዋለሁ።»

ቀና ብዬ ሳይ የሳሎኑ መስኮት ክፍት ነው። ልዑልሰገድ ቁርስ ላይ ነበር፤ የዲበኩሉም ድምፅ ይሰማል፤ ይህ ሰው ቤት የለውም መሰለኝ። እንስሳውን ይዤ በፊታቸው ማለፍ አለብኝ። ምን ልል? ሌንሳ ልክ ነበረች ልል? ሦስት ሰዓት ላይ ወንድሜ ቢሮ ይሄዳል። ያኔ መልሼ ከድንጋዩ ላይ አኖረዋለሁ። ማታ ሲመጣ «ምልክት አይቼበት አከምሁት» እለዋለሁ። ጥሩ ሐሳብ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ስላሰበ ስንቱን ተማሪ ቀጥቻለሁ።

«ቆይ» አልኋት።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ልዑልሰገድ አልሄደም፤ የበዓል ሳምንት ነው ብሎ ሁለተኛ ሻይ አስቀዳ። ፀሐይዋ ከአጥሩ በላይ ወጥታ ማጠቢያው ላይ ወደቀች። ሌንሳ ትሪ አምጥታ ልትጋርደው ስትል «ከመስኮት ያዩሻል» ብዬ ከለከልኋት። አራት ሰዓት ላይ እንደገና መጣች።

«ውሃው ሞቀ፣ ቲቸር። እኔ ልንገራቸው? እኔ አየሁት ልበል? የእርስዎን ስም አላነሣም።»

«ቆይ ብያለሁ!»

የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። ያቺ ልጅ ስሜን ልትጋርድልኝ ፈቅዳ ነበር፤ እኔ ደግሞ ለሷ ያንን ያህል እንኳ ባለ ዕዳ መሆን አልፈለግሁም። በሬን ዘግቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። የናዝሬት ነፋስ ቆርቆሮውን ይመታል። እያንዳንዷ ደቂቃ ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ፤ ውሃው ይሄዳል፣ ጨው ይቀራል። ወጥ እየጠቀስሁ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ተነሥቼ በሩን መክፈት ብቻ ነበር የቀረኝ፤ ተቀምጬ ቀረሁ።

ዲበኩሉ የወጣው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። በሩ ተንኳኳ። ሌንሳ ናት፤ እጇን በሽርጧ ይዛለች።

«አሁን ሸተተ፣ ቲቸር» አለች። «አሁን ሞተ።»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢኖርማ እቆጣት ነበር።

ሽታው ከበር ጀምሮ ይመታል። ሐምራዊ ጫፎቹ ግራጫ ሆነዋል፤ እግሩ ግን አሁንም ሲሚንቶው ላይ ነው። ልዑልሰገድ ሸቶት ከጓሮ በኩል መጣና ከእኛ አጠገብ ቆመ።

«የትናንቱ ነው?» አለ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ቢሆንም ጮኽሁ፤ ሌንሳ እያየችኝ ነበር።

«ልዑሌ» አልሁት፤ እንዲህ ከጠራሁት ስንት ዘመኑ ነው። «ትናንት አልሞተም ነበር። እስከ ዛሬ ረፋድ ድረስ በሕይወት ነበር። ሌንሳ ነግራኛለች፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ተሳስቻለሁ። ያኔ ስምንተኛ ክፍል የጻፍኸውም... አፍ ያለው አበባ ያልኸው... ከመጽሐፉ ያነሰ አልነበረም። ዜሮ አይገባህም ነበር።»

ያቺን ፈገግታ ጠበቅሁ። አልመጣችም። ይልቅስ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ለታመመ ሰው እንደሚደረገው።

«ተዉ እንጂ እትዬ፣ ፀሐይ መትቶዎት ነው። እርስዎ ሞቷል ካሉ ትናንትም ሞቶ ነበር» አለ። ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጉሮሮው አልወረደም። «እርስዎ የሚሳሳቱ ከሆነማ፣ እኔ ለምንድን ነው ከትምህርት ቤት የወጣሁት?»

እጅጌውን ሰብስቦ ቧንቧውን ከፈተና ማጠቢያውን ያጥብ ጀመር። ሌንሳ መጥረጊያውን አቀበለችው።